አንድ ግንብ በስድስት ሥፍራ

በካሊፎርኒያ ግዛት አናሃይም በምትባለው ከተማ የብርቱካን እርሻ ተመንጥሮ የተሠራው የተረት ግንብ ከመሬት እስከ ጫፉ 23 ሜትር ብቻ ነው። ባለ ስምንት ፎቅ ተራ ቤት አጠገቡ ቢቆም ይበልጠዋል። ይሁን እንጂ ከፊቱ የሚቆም ተመልካች ግንቡ አነሰ አይልም። የግድግዳው ድንጋይ ከሥሩ ትልልቅ፣ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እያነሰ እንዲሄድ ሆኖ ስለ ተሠራ ዓይን የሌለውን ቁመት ያያል። ይህ የቴአትር መድረክ ሠዓሊዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ጥበብ እንጂ አዲስ ግኝት አይደለም። አዲስ የሆነው፣ በመጋረጃ ላይ ይሣል የነበረውን ነገር ሰው በእግሩ እንዲገባበት ማድረጉ ነው።

ዋልት ዲስኒ ጁላይ 17 ቀን 1955 የዚህን መናፈሻ በር ከከፈተ ወዲህ ይኸው ግንብ፣ አንዳንዴ ገዝፎ አንዳንዴም መልኩን ለውጦ፣ በፍሎሪዳ በ1971፣ በቶኪዮ አጠገብ በ1983፣ በፓሪስ አጠገብ በ1992፣ በሆንግ ኮንግ በ2005፣ በሻንጋይ በ2016 ተተክሏል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኪነ ጥበብን ለሚመረምር ሰው እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ አይገኝም። አንድ ድርሰት በስድስት መድረክ፣ በልዩ ልዩ ተመልካች ፊት፣ በልዩ ልዩ ባለገንዘብ ወጪ ሲታይ የት እንደሚያብብና የት እንደሚከሳ ማወዳደር ይቻላልና።

ስለ ዲስኒ ሥራዎች እስከ ዛሬ የተጻፈው ሒስ በአብዛኛው ቁጣ ወይም ንቀት የተቀላቀለበት ነው። አርየል ዶርፍማንና አርማንድ ማትላር በ1971 በቺሊ ባሳተሙት መጽሐፍ የኩባንያውን የሥዕል መጻሕፍት መርምረው፣ በሚያስቅ ዳክዬ ላባ ሥር የተሸሸገውን የበላይነት አመለካከት አጋልጠዋል። ፈረንሳዊው ዣን ቦድሪያር ደግሞ በ1981 ስለ አናሃይሙ መናፈሻ ሲጽፍ፣ ያ ሥፍራ ምናባዊ ተብሎ የታጠረው ከአጥሩ ውጭ ያለችው አሜሪካ እውነተኛ እንድትመስል ነው እስከ ማለት ደርሷል። ሁለቱም ሥራዎች ቁም ነገር አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም የተጻፉት ግንቡ ከአሜሪካ ምድር ሳይወጣ እንደ ነበር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ባሕር ከተሻገረ በኋላ የደረሰበትን ለማየት ጊዜው አልፈቀደላቸውም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሒስም የእነርሱን ቃል ከመድገም እምብዛም አላለፈም።

የዚህ ጽሑፍ አስተያየት የተለየ ነው። ስድስቱ ሥፍራዎች ጎን ለጎን ሲመረመሩ የሚታየው፣ ኩባንያው የላቀ የጥበብ ሥራ የሠራው ብቻውን አዛዥ ሆኖ እንደ ልቡ በሠራበት ሥፍራ ሳይሆን ሌላ ወገን እጁን በያዘበት፣ ባስገደደበት ወይም ባሳፈረበት ሥፍራ መሆኑ ነው። የአገርን መልክ ለመያዝ ተብሎ የሚለጠፍ ጌጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጥሬው ቅጂ ያነሰ ሥራ ሆኖ ተገኝቷል።

በቅድሚያ የመጀመሪያውን ድርሰት እንይ። ጎብኚው ከበሩ ሲገባ የሚያገኘው በሃያኛው ምእተ ዓመት መግቢያ ላይ የነበረች የአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ዋና ጎዳና ነው። ይህችም ከተማ ዋልት ዲስኒ በልጅነቱ ጥቂት ዓመታት የኖረባት፣ ሚዙሪ ውስጥ የምትገኘው የማርሴሊን ትዝታ ናት። በጎዳናው መጨረሻ ላይ ግንቡ ቆሟል። የግንቡ መነሻ የባቫሪያው ንጉሥ ዳግማዊ ሉድቪግ በ1869 ማሠራት የጀመረው ኖይሽቫንሽታይን ነው። ያ የንጉሥ ግንብ ራሱ ለጦርነት የታሰበ ምሽግ አልነበረም። ንጉሡ ያለፈውን ዘመን በሕልሙ እንዳየው አድርጎ ያሠራው ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ንድፍ ያወጣለትም ክርስቲያን ያንክ የተባለ የቴአትር መድረክ ሠዓሊ ነበር። ስለዚህ የካሊፎርኒያውን ግንብ «የእውነተኛው ግንብ የሐሰት ቅጂ» እያሉ የሚያፌዙ ሰዎች፣ እውነተኛ የሚሉት ግንብም ከመድረክ ሥዕል የተወለደ መሆኑን ይዘነጋሉ። ዝምድናቸው የጌታና የሎሌ ሳይሆን የታላቅና የታናሽ ወንድም ነው።

መናፈሻውን ዙሪያውን የሚከበው ሌላ ነገር አለ። የአፈር ክምር ነው። በላዩ የባቡር ሐዲድ ያልፍበታል፤ ዋና ተግባሩ ግን ውስጥ ያለው ሰው የውጭውን ዓለም እንዳያይ መከለል ነው። ከንድፉ ሁሉ ይህ የአፈር ክምር ከግንቡ ይልቅ የሥራውን ጠባይ ይገልጻል። ሕልሙ የሚቆመው ጎረቤት እስካልታየ ድረስ ነው። ጎረቤቱ ግን ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ውስጥ ነበር። ለሥራው ገንዘብ የሰጠውና ብድሩን የተዋሰው የኤ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ድርጅት በምላሹ ሳምንታዊ ዝግጅት አግኝቶ ስለ ነበር፣ ግንቡ ገና ሳይጠናቀቅ በየቤቱ መስኮት ታይቷል። በመክፈቻው ዕለት ደግሞ የቧንቧ ሠራተኞች አድማ በማድረሱ እጥረት የመጠጥ ውሃ ቧንቧዎቹ ጥቂት ሆነው፣ ሕዝቡ በበጋ ሐሩር ውሃ ፍለጋ ሲንከራተት ውሏል።

ከአፈሩ ክምር ውጭ የፈሉት ርካሽ ሆቴሎች ዋልት ዲስኒን አበሳጭተውት ስለ ነበር ኩባንያው በፍሎሪዳ 110 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ስሙን ሰውሮ በሌሎች ድርጅቶች ስም ገዛ። በ1967ም የግዛቲቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ኩባንያው በዚያ መሬት ላይ እንደ ወረዳ አስተዳደር ሆኖ እንዲሠራ ፈቀደለት (ይህን ሥልጣን ግዛቲቱ በ2023 መልሳ ወስዳለች)። ኩባንያው እንደዚህ ነፃ የሆነበት ሌላ ሥፍራ የለም። ታዲያ በዚህ ነፃነት የተገኘው ምንድን ነው? ግንቡ አድጎ 57 ሜትር ገባ። ሆኖም የመጀመሪያው በማነሱ የነበረው ውበት፣ የዓይን ማታለሉ ጨዋታ፣ ደበዘዘ። ዋልት ዲስኒ 20,000 ሰዎች እንዲኖሩባት ያሰባት የወደፊቷ ከተማም እርሱ በ1966 ከሞተ በኋላ ተለውጣ በ1982 የዕለት ጎብኚ መጥቶ የሚሄድባት ኤግዚቢሽን ሆነች።

በዚያው ኤግዚቢሽን በአንድ ሐይቅ ዙሪያ የዐሥራ አንድ አገሮች አደባባዮች ተደርድረዋል። ለአፍሪካዊ አንባቢ ይህ ክፍል ቆም ተብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። ከአህጉራችን በዚያ የቆመችው ሞሮኮ ብቻ ናት፤ የምድር ወገብ አፍሪካን ያሳያል ተብሎ የታቀደው ሥራ ሳይገነባ ቀርቶ ያለው አንዲት ትንሽ መሸጫና ማረፊያ ናት። የሞሮኮው አደባባይ በ1984 ሲከፈት ወጪውን የደገፈው የሞሮኮ መንግሥት ነበር፤ ንጉሥ ዳግማዊ ሐሰንም የሸክላ ጠጠርና የልስን ጠራቢዎችን ከአገሩ ልኳል። ውጤቱ ዓይን አያስትም። ግድግዳው የተሠራው በባለቤቱ እጅ ስለሆነ ፎቶግራፉን እንኳ ያየ ሰው በዙሪያው ካሉት አደባባዮች ይለየዋል።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በ1998 በተከፈተው የእንስሳት መናፈሻ ውስጥ፣ ሐራምቤ የምትባል የምሥራቅ አፍሪካ መንደር አለች። በካርታ ላይ የለችም፤ ቤቶቿ የኬንያዋን ላሙን አስመስለው የተሠሩ ናቸው። ንድፍ አውጪዎቹ አገሩን ዞረው ያጠኑ ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸውም ጥንቃቄ የጎደለው አይደለም። የሣር ክዳኑን የሠሩት ከደቡብ አፍሪካ የመጡ የዙሉ ባለሙያዎች ናቸው። ነገር ግን የመንደሪቱ ልስን የረገፈው፣ ግድግዳዋ የተሰነጠቀው በዕድሜ ሳይሆን በባለሙያ እጅ ነው። የማርሴሊን ጎዳና ቀለሙ ሳይደበዝዝ ይታደሳል፤ የሐራምቤ ግድግዳ ደግሞ እንደ ተሰነጠቀ እንዲቆይ ይጠበቃል። አንዱ ትዝታ ስለሆነ ንጹሕ፣ ሌላው «እውነታ» ስለሆነ የተቦጨቀ እንዲሆን የወሰነው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ዙሉዎቹ እጃቸው ተፈለገ፤ ንድፉ ላይ የሚናገር የመንደሩ ሰው ግን አልነበረም፤ መንደሪቱም ሰው የላትምና። ሞሮኮና ሐራምቤ በአንድ ኩባንያ መሬት ላይ ቆመው የሚሰጡት ትምህርት ይህ ነው።

ወደ ቶኪዮ እንሻገር። ግንቡ የቆመባት ኡራያሱ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ1958 ከወረቀት ፋብሪካ የወጣ ቆሻሻ ውሃ ባሕራቸውን ስለ በከለው ሕዝቡ ከፋብሪካው ጋር ተጋጨ። በኋላም አጥማጆቹ የማጥመድ መብታቸውን ለቀቁ፤ ባሕሩም በአፈር ተሞላ። በ1960 የተቋቋመው ኦሪየንታል ላንድ የተባለው የጃፓን ድርጅት መሬቱን ይዞ ከአሜሪካው ኩባንያ ጋር በ1979 ተዋዋለ። የውሉ አኳኋን ከሁሉም የተለየ ነው። ባለቤቱና ወጪውን የሚሸፍነው ጃፓናዊው ድርጅት ሲሆን የአሜሪካው ኩባንያ ከመግቢያ ገቢ 10 በመቶ፣ ከምግብና ከዕቃ ሽያጭ 5 በመቶ ይወስዳል።

ጃፓኖች ሲዋዋሉ የጠየቁት ምን ነበር? የሳሙራይ ግንብ አልነበረም። የአሜሪካኑን ሥራ ሳይቀነስና ሳይበረዝ ነበር የጠየቁት። ብዙ ሐያስያን ይህን እንደ ባርነት መንፈስ ቆጥረውታል። እኛ ግን እንዲህ ብለን እንጠይቃለን፤ የሼክስፒርን ተውኔት የሚያዘጋጅ የቴአትር ቡድን ንጉሡን በአገሩ ባላባት ካልለወጠ ባሪያ ነውን? ጃፓኖቹ ባዕዱን እንደ ባዕድነቱ ለማየት ፈለጉ። የለወጡት የአየሩ ጠባይ ያስገደዳቸውን ነው። ቶኪዮ ዝናብ ስለሚበዛባት ዋናውን ጎዳና በመስተዋት ጣሪያ ሸፈኑት፤ በዚህም ምክንያት የማርሴሊን ትዝታ የተሸፈነ ገበያ ሆነ። የጃፓንን ታሪክ ለማሳየት የቀረበ አንድ ትርዒት በመክፈቻው ዘመን ነበር፤ በ2002 ተዘጋ። ቅጂው ግን ቀረ፤ የራሳቸውም ሆነ።

በቶኪዮ መናፈሻ የታወቀ አንድ ልማድ አለ። መንገድ ጠራጊዎቹ መጥረጊያቸውን በውሃ እየነከሩ በአስፋልቱ ላይ የሚኪ ማውስንና የጓደኞቹን ሥዕል ይሥላሉ። ልጆች ተሰብስበው ያያሉ፤ ፀሐይ ታደርቀዋለች፤ ሠራተኛው ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህንን የካሊፎርኒያ ንድፍ አላዘዘውም። የተገዛ ቅርፅ እንዴት የገዢው እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር አናውቅም። ግንቡን ማንም ጃፓናዊ አልነካውም፤ መጥረጊያውን ግን ነክቶታል።

በ2001 ደግሞ ያው ድርጅት በጎኑ ሁለተኛ መናፈሻ፣ የባሕር መናፈሻ፣ ከፈተ። በውስጡ ግንብ የለም። እሳተ ገሞራ ተራራ፣ የጣሊያን ወደብ፣ የዡል ቬርን ድብቅ ደሴት አሉ፤ ሆቴሉም ከወደቡ ዳር እንደ ከተማ ቤቶች ሆኖ ስለ ተሠራ ራሱ ግድግዳም መድረክም ነው። እንግዳው መስኮቱን ሲከፍት ትርዒቱ ውስጥ ነው። ባለሙያዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ፤ የከፈለው ጃፓናዊ ነው። አሜሪካዊው ኩባንያ በዚያው ዓመት በአናሃይም በራሱ ገንዘብ የከፈተው ሁለተኛ መናፈሻ በቁጠባ የተሠራ ሆኖ ተነቅፎ በኋላ በብዙ ወጪ እንደ ገና መሠራት ግድ ሆኖበታል። እነዚያው ባለሙያዎች፣ ያው ዓመት፤ ልዩነቱ ገንዘቡን የያዘው እጅ ነው። ከስድስቱ ሥፍራዎች በጥበብ የላቀው፣ ኩባንያው ምንም የባለቤትነት ድርሻ የሌለበት መሆኑ ለኩባንያው የሚያስደስት ነገር አይመስለንም።

በፈረንሳይ የደረሰው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሆኖም በአንድ በኩል ይመሳሰላል። በኤፕሪል 1992 ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ 32 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በማርን ላ ቫሌ የተከፈተውን መናፈሻ የቴአትር አዘጋጅዋ አርያን ምኑሽኪን «የባህል ቼርኖቢል» ብለው መጥራታቸው የታወቀ ነው። ንድፍ አውጪዎቹ ይህ ዓይነቱ ፌዝ እንደሚጠብቃቸው አስቀድመው ያውቁ ነበር። ከዚህም በላይ አንድ የጥበብ ችግር ነበረባቸው። እውነተኛ ግንቦች በሞሉበት አገር የግንብ ቅጂ ማቆም ቧልት ይሆናል። ተኝታ የቀረችው የንጉሥ ልጅ ተረት ራሱ ሻርል ፔሮ በ1697 በፈረንሳይኛ ያሳተመው ነው፤ ተረቱ ወደ ቤቱ መመለሱ ነበር።

ያገኙት መፍትሔ የሚደነቅ ነው። ድንጋይን ትተው ሥዕልን ተከተሉ። ግንቡ ከሞን ሳን ሚሼል ደሴትና ከመካከለኛው ዘመን የብራና ሥዕሎች የተወሰደ ሆኖ፣ በኮረብታ ላይ እንደ ቀንድ ሾሎ ይወጣል፤ በዙሪያው ያሉት ዛፎች በ1959 በወጣው ፊልም ላይ እንደ ተሣሉት በአራት ማዕዘን ተከርክመዋል። ከሥሩ ባለው ዋሻ ውስጥ ዘንዶ ተኝቶ ይተነፍሳል። «የነገው ዓለም» የሚባለው ክፍልም ተሰርዞ በምትኩ የዡል ቬርን ዘመን ሰዎች ያለሙት የወደፊት ዓለም ገባ። ይህ ብልህነት ነው፤ የነገው ዓለም ሁልጊዜ ያረጃል፤ የትናንት ሰው የነገ ሕልም ግን አያረጅም። ሐፍረት ጥሩ አስተማሪ ሆነላቸው ማለት ነው።

ግንቡ ሲያምር የመጋዘን መዝገቡ ግን ከሸፈ። ኩባንያው በታወቁ የሥነ ሕንፃ ሊቃውንት ያሠራቸው ሆቴሎች ባዶ ዋሉ። ከምሳ ጋር ወይን ጠጅ መጠጣት ለፈረንሳዊ ምን እንደሆነ ሳይረዱ ከለከሉ፤ በ1993 ክልከላውን አነሡ። ለሠራተኛው የጺምና የልብስ ደንብ አወጡ፤ የሠራተኛ ማኅበራት ተቆጡ። በዚያው የበጀት ዓመት ኪሳራው 5.3 ቢሊዮን ፍራንክ ደረሰ። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር አለ። ንድፍ አውጪው ፈረንሳይን ፈርቶ አጠና፤ የንግዱ ክፍል አልፈራም፤ አላጠናምም። ከዕዳው በኋላ በ2002 በጎኑ የተከፈተው ሁለተኛ መናፈሻ የመጋዘን ረድፍ የሚመስል ሆኖ የወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ንጽጽሩን ጠበብ ለማድረግ አንድ ቤት ብቻ ይዘን በየአገሩ እንከተለው፤ የመናፍስት ቤት የሚባለውን። በእኛ አገር ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ ካልመለሰ ተረቱ አይጀመርም። በዚህ ቤት ግን አድማጩ አፉን ዘግቶ በሠረገላ ተቀምጦ በጨለማ ውስጥ ይነዳል፤ ወዴት እንደሚያይም ሠረገላው ዞሮ ይወስንለታል። ስለዚህ ጥበቡ ያለው ሰዎች ከሞት ጋር ያላቸውን ስምምነት አስቀድሞ በመረዳት ላይ ነው።

በአናሃይም ቤቱ በ1969 ሲከፈት ውጭው ነጭና የጸዳ የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች የባላባት ቤት ነው። ዋልት ዲስኒ የፈራረሰ ቤት በመናፈሻዬ አይቆምም ስላለ ነው ይባላል። ያ ነጭ ቤት በማን ጉልበት ይሠራ እንደ ነበር ቤቱ ውስጥ ያሉት 999 መናፍስት አንዳቸውም አይናገሩም። በፍሎሪዳ ቤቱ ወደ ሰሜን ሄዶ የቀይ ጡብ መኖሪያ ሆኗል። በቶኪዮ ቤቱ ሳይለወጥ ሠፈሩ ተለውጧል፤ የአሜሪካ ታሪክ ክፍል ውስጥ ሳይሆን በተረት ክፍል ውስጥ ተተክሏል። ይህች ትንሽ ውሳኔ ብዙ ትናገራለች፤ የአሜሪካን ሙታን ለጃፓናዊ ልጅ ታሪክ አይደሉም፣ ተረት ናቸው። በፓሪስ ቤቱ የፈራረሰ የምዕራብ አሜሪካ የወርቅ ቆፋሪ መኖሪያ ሲሆን፣ በሠርጓ ዕለት ሙሽራዋን ያጣች ሴት ከነቬሏ ስታረጅ ያሳያል። ቀልዱ ቀርቶ ኀዘን ገብቷል፤ ከኦፔራ ጋር ያደገ ተመልካች እንደሚጠይቀው።

በሆንግ ኮንግ ደግሞ የሙታንን መንፈስ መቀለጃ ማድረግ ለብዙዎች ነውር ስለሆነ ቤቱን እንዳለ መውሰድ አልተቻለም። በመሆኑም በ2013 የተከፈተው ቤት መናፍስት የሉትም። ሎርድ ሄንሪ ሚስቲክ የተባለ ቅርስ ሰብሳቢ ከዓለም ዙሪያ ያመጣቸው ዕቃዎች አሉት፤ አልበርት የሚባል ጦጣው የተከለከለች የሙዚቃ ሣጥን ይከፍትና ከውስጧ የወጣው የሙዚቃ ብናኝ ዕቃዎቹን ሁሉ ነፍስ ይዘራባቸዋል። ሠረገላዎቹ ሐዲድ ስለሌላቸው በየክፍሉ ይበታተናሉ፣ ይገናኛሉ። ዜማው የዳኒ ኤልፍማን ነው። ከፊልም ያልተወሰደ፣ ለዚያው ቤት ብቻ የተጻፈ ታሪክ ነው። በእኛ ግምት ኩባንያው ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት ካወጣቸው ትናንሽ ሥራዎች ይህን የሚወዳደር ጥቂት ነው። ያስገኘውም የባዕድ ሕዝብ እምነት «አይሆንም» ማለቱ ነው። (ቅርሶቹ ከየሕዝቡ እጅ እንዴት እንደ ወጡ ሎርዱ አለመጠየቁ ደግሞ የአናሃይሙን ነጭ ቤት ያስታውሰናል፤ ለሙዚየም ሠራተኛ ጓደኞቻችን የሚሆን ጥያቄ ነው።)

ይህ ቤት የተሠራው ግን ሆንግ ኮንግ ብዙ ከተጎዳች በኋላ ነበር። በ2005 መናፈሻው ሲከፈት የከተማው መንግሥት 57 በመቶውን ድርሻ ይዞ ሳለ ያገኘው ከስድስቱ ሁሉ ትንሹን መናፈሻ፣ በዚያም ላይ የአናሃይሙን 23 ሜትር ግንብ ቅጂ ነበር። ለአገሩ ባህል ተብሎ የፌንግ ሹዊ ሊቃውንት ተጠይቀው የበሩ አቅጣጫ 12 ዲግሪ ዞረ። የሻርክ ክንፍ ሾርባ ለሠርግ ግብዣ ቀርቦ የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ስለ ተቃወሙ ተነሣ። በ2006 የጨረቃ ዘመን መለወጫ ግን ትኬት የያዙ ቤተሰቦች ቦታ የለም ተብለው በሩ ሲዘጋባቸው ልጆቻቸውን በአጥሩ ላይ አሻግረው አቀበሉ። በሩን 12 ዲግሪ ያዞረ ጥንቃቄ ሕዝቡ በምን ቀን በብዛት እንደሚመጣ አላጠናም። በ2020 ትንሹ ግንብ በላዩ ተጨምሮበት አድጓል፤ ለየንግሥቲቱና ለየልዕልቲቱ ከየፊልሙ አንድ አንድ ምልክት ተደርጎለት። ከፍ ብሏል፤ ነገር ግን ግንብነቱ ቀርቶ መደርደሪያ ሆኗል።

በሻንጋይ ኩባንያው ያለፈውን ስሕተት እንደማይደግም ምሎ ገባ። የከተማው መንግሥት ድርጅት 57 በመቶ፣ ኩባንያው 43 በመቶ ያዙ፤ 5.5 ቢሊዮን ዶላር ወጣ፤ ግንቡ 60 ሜትር ያህል ሆኖ ከሁሉ በለጠ። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ቦብ አይገር ሥራውን «እውነተኛ ዲስኒ፣ በግልጽም ቻይናዊ» ሲሉ ገለጹት። ይህ አነጋገር ሁለት ነገሮችን በአንድ ልብስ ስላለበሳቸው ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው የንድፍ ለውጥ ነው። የማርሴሊን ጎዳና ተሰርዞ በምትኩ ከግንቡ ፊት ሰፊ የአትክልት ሥፍራ ተዘረጋ፤ የቻይና ልጅ የሚመጣው ከአያቶቹ ጋር በመሆኑ አያቶች የሚቀመጡበትና የሚንሸራሸሩበት ያስፈልጋልና። ይህ ለውጥ ሕዝቡ እንዴት እንደሚኖር ከማየት የመጣ ስለሆነ ሥር አለው። ሁለተኛው ጌጡ ነው። በዚያው አትክልት ሥፍራ የቻይናውያን የዐሥራ ሁለቱ ዓመታት እንስሳት በጠጠር ሥዕል ቆመዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው በኩባንያው የፊልም ገጸ ባሕርያት ተተክተዋል። አይጧ የፓሪስ ወጥ ቤት አይጥ ናት፤ ነብሩ ከእንግሊዝ የልጆች መጽሐፍ የመጣው ቲገር ነው፤ ንጉሠ ነገሥታት በልብሳቸው ላይ ያስጠልፉት የነበረው ድራጎንም በ1998 ፊልም ላይ ሙላንን የሚያስቀው ሙሹ ሆኗል። ጠጠሩ ቻይናዊ ነው፤ ሥዕሉ የኩባንያው ነው። የቻይናዊ የቀን መቁጠሪያ ለአሜሪካ ኩባንያ ዕቃ መስቀያ ከመሆን አልፎ ምን አገኘ? ቶኪዮ ምንም የጃፓን ጌጥ ሳይለጠፍባት ከዚህ ይልቅ ጃፓናዊት ሆናለች።

ሕዝቡ ራሱ ያመጣው ለውጥ ደግሞ ሌላ ነው። በ2019 አንዲት የሕግ ተማሪ ምግቤን ይዤ እንዳልገባ ቦርሳዬ ለምን ይበረበራል ስትል ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ በዚያው ዓመት መናፈሻው ደንቡን ለውጦ ጎብኚዎች የራሳቸውን ምግብ ይዘው እንዲገቡ ፈቀደ። ከወርቃማው የፒዮኒ አበባ ጉልላት ይልቅ የዚህች ተማሪ ስንቅ ሥፍራውን ቻይናዊ አድርጎታል።

ስለ ተዋንያኑም አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ኩባንያው ከመጀመሪያው ጀምሮ ትኬት ቆራጩንም ጠራጊውንም «ተዋናይ» እያለ ይጠራል፤ ሥራ ቦታቸውንም «መድረክ» ይለዋል። ስያሜው ለብዙ ዘመን የፈገግታ ማስገደጃ ሆኖ አገልግሏል። በሜይ 2024 ግን በአናሃይም የሚኪን ጭምብል የሚያጠልቁትና በሰልፍ የሚጨፍሩት 1,700 ያህል ሠራተኞች ድምፅ ሰጥተው ወደ አሜሪካ የቴአትር ተዋንያን ማኅበር ገቡ። ተዋናይ ናችሁ ሲባሉ ኖረዋል፤ ቃሉን እንዳለ ተቀበሉት።

በሜይ 2025 ኩባንያው ሰባተኛ ሥፍራ በአቡ ዳቢ፣ በያስ ደሴት ላይ እንደሚሠራ አስታወቀ። ሚራል የተባለው የአገሩ ድርጅት ወጪውን ችሎ ይሠራል፣ ያስተዳድራልም፤ ኩባንያው ንድፉን ሰጥቶ ድርሻውን ይወስዳል። ውሉ የቶኪዮ ውል ነው ማለት ነው። ከአራት ሰዓት በማይበልጥ በረራ ርቀት የዓለም ሕዝብ ሢሶ እንደሚኖር በማስታወቂያው ተነግሯል፤ አዲስ አበባም በዚያ ክበብ ዳር ላይ ናት፤ በዚያች ከተማ በየቤቱና በየሆቴሉ የሚያገለግሉት ወገኖቻችን ደግሞ በረራም አያስፈልጋቸው። ቦብ አይገር ስለ አዲሱ ሥራ ሲናገሩ የሻንጋይን ቃል መልሰው አነሡት፤ እውነተኛ ዲስኒ፣ በግልጽም ኤምሬታዊ። የተለወጠው የሕዝቡ ስም ብቻ ነው። ይሁንና ገንዘቡንና ባለቤትነቱን የያዙት ኤምሬታውያን እንደ ቶኪዮዎቹ አዛዥ መሆን ይችላሉ፤ ምን ብለው እንደሚያዙ ገና አልሰማንም። በዕለቱ የቀረበው ሥዕል በባሕር ዳር የሚያንጸባርቅ ዘመናዊ ግንብ ያሳያል። ከሥሩ ትልቅ፣ ከላይ ትንሽ የሆነ ድንጋይ የለውም፤ ብርጭቆ ይመስላል።